ከመምከር ወደ መመካከር፦ የአማራ ክልል ምክር ቤት ታሪክ፣ አሠራርና ቋንቋ

1. መግቢያ

ስለ ሕግ አውጪ ምክር ቤቶች የሚጽፉት አብዛኛውን ጊዜ የሕግና የፖለቲካ ሳይንስ ምሁራን ናቸው። ይሁን እንጂ የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ለዚህ ጉዳይ ባዕድ ነው ለማለት አይቻልም። ሕግ አውጪው ከሌሎቹ የመንግሥት አካላት የሚለይበት አንድ ጠባይ አለውና፤ መሣሪያው ቃል ነው። ሠራዊት አያዝም፤ ወህኒ ቤት አይጠብቅም፤ ግብር አይሰበስብም። አባላቱ ይሰበሰባሉ፣ ይናገራሉ፣ ይከራከራሉ፣ ድምፅ ይሰጣሉ፣ የተወሰነው ተጽፎ ይወጣል። በመሆኑም የአንድ ምክር ቤት ታሪክ በከፊል የንግግርና የጽሑፍ ታሪክ ነው።

ይህ ጽሑፍ የአማራ ክልል ምክር ቤትን እንደ አብነት ወስዶ አመጣጡን፣ አሠራሩንና የሚጠቀምባቸውን ዋና ዋና ቃላት ለመመርመር ይሞክራል። ክልሉ የተመረጠው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ የሥራ ቋንቋው አማርኛ በመሆኑ ቃላቱን ያለ ተርጓሚ ለመመርመር ይመቻል። ሁለተኛ፣ ምክር ቤቱ ያወጣቸው አንዳንድ ሕጎች በብዙ ገበሬዎች ኑሮ ላይ በቀጥታ ያረፉ በመሆናቸው፣ አንድ ቃል ከጉባኤ አዳራሽ ወጥቶ ማሳ ላይ ሲደርስ ምን እንደሚሆን ለማየት ያስችላል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

2. “ምክር ቤት” የሚለው ስያሜ

“መከረ” የሚለውን ግስ እርባታ የተማረ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ከአንዱ ሥር የሚወጡት ግሶች የሚያመለክቱት የሰዎች ግንኙነት የተለያየ ነው። “መከረ” ሲባል አንዱ ተናጋሪ፣ ሌላው አድማጭ ነው፤ አባት ልጁን፣ ሽማግሌ ጎረምሳውን ይመክራል። “አማከረ” ሲባል ሥልጣን ወይም ችግር ያለበት ሰው የሌላውን ሐሳብ ይጠይቃል፤ የመጨረሻው ውሳኔ ግን የጠያቂው ነው። “ተመካከረ” ሲባል ግን ተናጋሪና አድማጭ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ሁሉም ይመክራል፣ ሁሉም ይመከራል። “ምክር ቤት” የሚለው ስያሜ ከእነዚህ ከሦስቱ የትኛውን እንደሚያመለክት ከመልኩ አይታወቅም። “ምክር” የሚለው ስም ሦስቱንም ሊሸከም ይችላል። የምክር ቤቶቻችን ታሪክ፣ በዚህ ጸሐፊ አስተያየት፣ በእነዚህ በሦስቱ ትርጉሞች መካከል የተደረገ ጉዞ ሆኖ ሊነበብ ይችላል።

የአገራችን ሥነ ቃልም ይህን ልዩነት ጠብቆ አቆይቷል። “መካር የሌለው ንጉሥ ያላንድ ዓመት አይነግሥ” የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር መካሪን ከፍ አድርጎ ያያል፤ ነገር ግን መካሪው የሚያስፈልገው ለንጉሡ ነው። የምክሩ ጥቅም የሚለካው በንግሥናው ዕድሜ ነው። “ምከረው ምከረው፤ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው” የሚለው ደግሞ ምክርንና መከራን በድምፅ አጎራብቶ፣ ምክር ያልገባው ሰው በመከራ እንደሚማር ያስጠነቅቃል። በሁለቱም አነጋገሮች ውስጥ ግሱ “መከረ” እንጂ “ተመካከረ” አለመሆኑን ልብ ይሏል።

ከምክር ቤት ጋር የሚሄዱት ሌሎቹ ቃላትም የራሳቸው ታሪክ አላቸው። “ጉባኤ” መሰብሰብን ከሚያመለክት የግእዝ ቃል የመጣ ሲሆን፣ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ደቀ መዛሙርት በመምህራቸው ዙሪያ ተሰብስበው የሚማሩበትን ቦታና ሥርዓት ያመለክታል። “አፈ ጉባኤ” የሚለው የሹመት ስም በቀጥታ የሚያስታውሰን “አፈ ንጉሥ”ን ነው። አፈ ንጉሥ በንጉሡ ስም የሚፈርድ፣ የንጉሡ አንደበት ነበር። አፈ ጉባኤ ሲባል የአንደበቱ ባለቤት ተለውጧል፤ አፉ የአንድ ሰው መሆኑ ቀርቶ የተሰበሰቡት ሰዎች ሆኗል። በስያሜው ውስጥ ያለው ለውጥ ትልቅ ነው። በተግባር ምን ያህል ተከናውኗል የሚለው ጥያቄ ግን ከዚህ በታች የሚታይ ይሆናል።

3. ክልሉ ከመፈጠሩ በፊት

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥት የወጣው ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ነው። ረቂቁን ያዘጋጁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። ለዚህ ክፍለ ትምህርት አንባቢዎች የእኚህ ሰው ስም አዲስ አይደለም፤ “ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ” በተባለው ሥራቸው የዘመናዊው የአማርኛ ቴያትር ጀማሪ ተብለው የሚጠቀሱት እሳቸው ናቸው። የመጀመሪያውን ተውኔትና የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት የጻፈው ብዕር አንድ መሆኑ የአጋጣሚ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ሁለቱም ሥራዎች ሰዎችን በአንድ መድረክ ላይ አቁሞ ማነጋገርን የሚሹ መሆናቸው የሚያስደንቅ ነው።

በ1923ቱ ሕገ መንግሥት ሁለት ምክር ቤቶች ተቋቋሙ፤ የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ ምክር ቤት። የመወሰኛውን አባላት ንጉሠ ነገሥቱ ከመኳንንቱ መካከል ይሾሟቸው ነበር። የመምሪያውን አባላት ደግሞ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት እንዲመርጡ ተደነገገ። ያለ ንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ የሚጸና ሕግ አልነበረም። ይህ ምክር ቤት በግስ ሲገለጽ የ“አማከረ” ምክር ቤት ነው፤ ጠያቂውም ወሳኙም ዙፋኑ ነው።

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት በሕዝብ ቀጥተኛ ድምፅ እንዲመረጡ ፈቀደ፤ የመጀመሪያውም ምርጫ በ1950 ዓ.ም. መጀመሪያ ተካሄደ። የፖለቲካ ፓርቲ ግን አልነበረም። እያንዳንዱ ተመራጭ ብቻውን ቆሞ ተመርጦ፣ ብቻውን ገብቶ የሚናገር ሰው ነበር። ጠቅላይ ግዛቶቹ የራሳቸው ሕግ አውጪ አልነበራቸውም። በ1958 ዓ.ም. ለአውራጃዎች የራስ አስተዳደር ለመስጠት የወጣው ትእዛዝም ከሙከራ አላለፈም።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ሥልጣን ሲይዝ ምክር ቤቶቹን ዘጋ። ብዙም ሳይቆይ የመማክርት ጉባኤ አቋቁሞ ምሁራንን ሰበሰበ፤ “መማክርት” የሚለው ስያሜ ራሱ አካሉ አማካሪ እንጂ ወሳኝ አለመሆኑን ይናገራል። በ1980 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሲመሠረት 835 አባላት ያሉት ብሔራዊ ሸንጎ ተቋቋመ፤ አገሪቱም በራስ ገዝና በአስተዳደር አካባቢዎች ተከፍላ ለየአካባቢው ሸንጎ እንዲኖረው ተደነገገ። “ሸንጎ” በሕዝቡ ዘንድ ባላጋራዎች ፊት ለፊት ቆመው የሚሟገቱበት የፍርድ አደባባይ ስም ነበር። የተወሰደው ቃል ክርክርን የሚያስታውስ ነው፤ የተመሠረተው ሥርዓት ግን የአንድ ፓርቲ ሥርዓት ስለነበረ በሸንጎው ውስጥ ሁለተኛው ባላጋራ ቦታ አልነበረውም።

4. የክልሉ ምክር ቤት መመሥረት

በ1983 ዓ.ም. ክረምት የጸደቀው የሽግግር ወቅት ቻርተር 87 መቀመጫዎች ያሉት የተወካዮች ምክር ቤት አቋቋመ። ይህ ምክር ቤት በ1984 ዓ.ም. ያወጣው አዋጅ ቁጥር 7 አገሪቱን በ14 ክልሎች ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ክልል ምክር ቤት እንዲኖረው ደነገገ። በዚያን ጊዜ የአማራ ክልል “ክልል 3” በሚል ቁጥር ይጠራ ነበር። የክልልና የወረዳ ምክር ቤቶች ምርጫ የተካሄደው በሰኔ 1984 ዓ.ም. ነው። በዚህ ሁኔታ ቀድሞ በጎጃም፣ በበጌምድር፣ በወሎና በሸዋ ስም ይጠሩ ከነበሩ ግዛቶች የተውጣጡ ተወካዮች በአንድ ክልላዊ ሕግ አውጪ ውስጥ ለመቀመጥ በቁ። መቀመጫውም ባሕር ዳር ሆነ።

ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት ክልሎቹን ዘጠኝ አደረጋቸው፤ በኋላ በደቡብ በተደረጉት አዳዲስ አደረጃጀቶች ቁጥራቸው ከ2015 ዓ.ም. ፍጻሜ ጀምሮ 12 ሆኗል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 50 መሠረት የክልል ምክር ቤት የክልሉ ከፍተኛ የሥልጣን አካል ሲሆን ተጠሪነቱም ለወከለው ሕዝብ ነው። የክልሉን ሕገ መንግሥት የማርቀቅ፣ የማጽደቅና የማሻሻል ሥልጣን የእሱ ነው። ለፌዴራሉ መንግሥት ለብቻው ወይም ለሁለቱ በጋራ በግልጽ ያልተሰጠ ሥልጣንም በአንቀጽ 52 መሠረት የክልል ሆኗል።

የአማራ ክልል የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት በ1987 ዓ.ም. ጸደቀ፤ በ1994 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 59 ተሻሽሎ ወጣ። ከማሻሻያው ፍሬ ነገሮች አንዱ ለርእሰ ጉዳያችን በጣም የቀረበ ነው። ከዚያ በፊት በክልሎች የአስፈጻሚው መሪና የምክር ቤቱ ሰብሳቢ አንድ ሰው ነበር። ሥራውን የሚሠራው ሰው፣ ሥራው የሚመረመርበትን ስብሰባም ይመራ ነበር ማለት ነው። የ1994ቱ ማሻሻያ የምክር ቤቱን አፈ ጉባኤ ከርእሰ መስተዳድሩ ለየ። በስያሜው እንደተመለከትነው፣ ጉባኤው የራሱ አፍ ኖረው፤ ቢያንስ በሕግ።

5. አሠራሩ

የክልሉ ምክር ቤት 294 መቀመጫዎች አሉት። አባላቱ የሚመረጡት ለአምስት ዓመት ነው። ምክር ቤቱ በየቀኑ የሚሰበሰብ አይደለም፤ አባላቱ በመደበኛ ጉባኤ በዓመት ውስጥ በተወሰኑ ጊዜያት ለጥቂት ቀናት ይገናኛሉ፤ በመካከሉ ያለው ሥራ በቋሚ ኮሚቴዎች ይከናወናል። የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን በመሆኑ የክረምቱ ጉባኤ አብዛኛውን ጊዜ የዓመቱ ዋና ጉባኤ ነው፤ ሪፖርት የሚደመጠው፣ በጀት የሚጸድቀው፣ ሹመት የሚሰጠው በዚያን ጊዜ ነው።

አንድ ሕግ የሚያልፍበት መንገድ በአጭሩ እንደሚከተለው ነው። ረቂቁ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከአንድ ቢሮ ነው። በሕግ ባለሙያዎች ከታየ በኋላ ለመስተዳድር ምክር ቤቱ ይቀርባል። “መስተዳድር ምክር ቤት” ማለት የአስፈጻሚው አካል፣ ማለትም ርእሰ መስተዳድሩና የቢሮ ኃላፊዎቹ የሚሰበሰቡበት ነው። ሕግ አውጪውም አስፈጻሚውም “ምክር ቤት” በሚለው አንድ ስም መጠራታቸው ተራውን አንባቢ ያደናግራል፤ ሁለቱን ለመለየት የሚያወጡትን የሕግ ዓይነት መመልከት ይጠቅማል። አዋጅ የሚያወጣው የክልሉ ምክር ቤት ነው፤ ደንብ የሚያወጣው መስተዳድር ምክር ቤቱ ነው። ከመስተዳድር ምክር ቤቱ የወጣው ረቂቅ ወደ አፈ ጉባኤው፣ ከዚያም ወደሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ይመራል። ኮሚቴው የውሳኔ ሐሳቡን ይዞ ለጉባኤው ያቀርባል፤ ጉባኤው ተወያይቶ በድምፅ ብልጫ ይወስናል። የጸደቀው አዋጅ በርእሰ መስተዳድሩ ፊርማ “ዝክረ ሕግ” በተባለው የክልሉ ጋዜጣ ላይ ይታተማል።

ምክር ቤቱ ሕግ ከማውጣት ሌላ ርእሰ መስተዳድሩን ከአባላቱ መካከል ይመርጣል፤ የካቢኔ አባላትንና ዳኞችን ሲቀርቡለት ይሾማል፤ የሥራ ክንውን ሪፖርት ይሰማል። በፌዴሬሽን ምክር ቤት ክልሉን የሚወክሉትን የሚመርጠውም ይኸው ምክር ቤት ነው፤ ሕገ መንግሥቱ ሕዝቡ በቀጥታ እንዲመርጣቸው ለማድረግም አማራጭ ይሰጠዋል። በፌዴራሉ ሕገ መንግሥት ማሻሻያ ላይም ድርሻ አለው። የመሠረታዊ መብቶችና ነፃነቶች ምዕራፍ እንዲሻሻል ከተፈለገ በአንቀጽ 105 መሠረት የሁሉም ክልሎች ምክር ቤቶች በድምፅ ብልጫ መስማማት አለባቸው። ስለዚህ በባሕር ዳር የሚሰጥ ድምፅ፣ ቢያንስ በጽሑፍ፣ የመላ አገሪቱን የመብት ድንጋጌ ለመጠበቅ የሚያስችል ኃይል አለው።

የክልሉ ሕገ መንግሥት በክልሉ ውስጥ ለሚኖሩት የአዊ፣ የኽምራና የኦሮሞ ብሔረሰቦችም የብሔረሰብ አስተዳደርና የብሔረሰብ ምክር ቤት ሰጥቷል፤ መቀመጫዎቻቸው እንጅባራ፣ ሰቆጣና ከሚሴ ናቸው። እነዚህ ምክር ቤቶች የየራሳቸውን የሥራ ቋንቋ የመወሰን ሥልጣን አላቸው። ስለሆነም “የክልሉ ምክር ቤት ቋንቋ አማርኛ ነው” ስንል በክልሉ ውስጥ የሚመከረው በአማርኛ ብቻ ነው ማለታችን አይደለም። የክልሉን ሕገ መንግሥት የሚተረጉመው ኮሚሽን አባላትም የሚወከሉት ከብሔረሰብና ከወረዳ ምክር ቤቶች ነው።

6. አንድ አዋጅና አንድ ቃል

የምክር ቤት ቃል ከአዳራሹ ሲወጣ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ለማሳየት ከ1989 ዓ.ም. የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። በዚያ ዓመት የክልሉ ምክር ቤት ባወጣው አዋጅ ቁጥር 16 መሠረት በተለይ በጎጃም፣ በጎንደርና በሰሜን ሸዋ የገጠር መሬት እንደገና እንዲደለደል ተደረገ። ዓላማው መሬት የሌላቸውን ባለመሬት ማድረግ ነበር፤ መሬት ያልነበራቸው ወጣቶችና ሴቶችም በድልድሉ መሬት አግኝተዋል። ይህን መካድ ታሪክን ማጉደል ይሆናል።

ድልድሉ ሲፈጸም ግን ገበሬው በስያሜ ተከፋፈለ። በደርግ ዘመን በገበሬ ማኅበር አመራር ወይም በሌላ የቀበሌ ሥራ ተመርጠው ያገለገሉ ሰዎች “ቢሮክራሲ” ተባሉ፤ ከንጉሡ ዘመን የተረፉ ባለርስቶች ናቸው የተባሉትም በፊውዳልነት ተመደቡ። በእነዚህ ስያሜዎች የተፈረጀ ገበሬ ሊይዝ የሚችለው መሬት ከአንድ ሔክታር እንዳይበልጥ ሲደረግ፣ ለሌላው ገበሬ የተፈቀደው ጣሪያ ሦስት ሔክታር ነበር። ቅሬታቸውን ይዘው እስከ አዲስ አበባ የመጡ ገበሬዎች ነበሩ።

ለቋንቋ ተማሪ እዚህ ላይ የሚታየው ነገር ቀላል አይደለም። “ቢሮክራሲ” በባዕድ ቋንቋ የቢሮ አሠራርን የሚያመለክት ረቂቅ ስም ነው። ወደ አማርኛው የፖለቲካ ቋንቋ ከገባ በኋላ ግን የሰው መጠሪያ ሆነ። አንድ ገበሬ “እሱ ቢሮክራሲ ነው” ተባለ። አሠራርን የሚሰይም ቃል ሰውን ሲሰይም፣ ሰውየው ስለ ራሱ የሚናገርበት ቀዳዳ ይጠባል። ቢሮ አይቶ የማያውቅ፣ ሞፈር ሲጨብጥ የኖረ ሰው፣ በሰፈሩ ሰዎች ተመርጦ ለጥቂት ዓመታት ሊቀ መንበር በመሆኑ ብቻ በዚህ ቃል ውስጥ ገባ። ቃሉ የመጣው ከሱ አፍ አይደለም፤ ከጎረቤቱም አፍ አይደለም። ከላይ ወደ ታች የወረደ፣ የ“መከረ” ሳይሆን የ“አወጀ” ቃል ነው።

ከዚህ በኋላ የክልሉ የመሬት ሕግ ተለዋውጧል። በአዋጅ ቁጥር 46/1992፣ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 133/1998፣ ቀጥሎም በአዋጅ ቁጥር 252/2009 የይዞታ መብት እየተብራራ ሄደ፤ ይዞታ እየተመዘገበ ለባለይዞታዎች ደብተር ተሰጠ፤ ሽግሽግም የባለይዞታዎቹ ፈቃድ ሳይጠየቅ እንዳይካሄድ ተደነገገ። ይኸኛው ድንጋጌ በግስ ሲተረጎም “ተመካከሩበት” ማለት ነው። አንድ ሕግ አውጪ በ20 ዓመት ጊዜ ውስጥ በአንድ ጉዳይ ላይ ከማወጅ ወደ ማመካከር መሄዱ ሊመዘገብለት ይገባል። ሕጉ የታረመበት ትምህርት የተገኘው ግን በአዳራሹ ውስጥ በተደረገ ክርክር ብቻ ሳይሆን ገበሬው በተቀበለው መከራ ጭምር ነው። “መከራ ይምከረው” የሚለው አነጋገር እዚህ ላይ ለገበሬው ሳይሆን ለሕግ አውጪው የተነገረ ይመስላል።

7. ወንበርና ድምፅ

ምክር ቤት መመካከሪያ እንዲሆን ቢያንስ ሁለት የተለያዩ ሐሳቦች በውስጡ ሊኖሩ ይገባል። በ1997 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ከ294ቱ መቀመጫዎች ኢሕአዴግ 188፣ ቅንጅት 106 አገኙ። በክልሉ ምክር ቤት ታሪክ ውስጥ ሁለት ትልልቅ ወገኖች ፊት ለፊት ለመቀመጥ የተቃረቡበት ጊዜ ይህ ነበር። በ2002 እና በ2007 ዓ.ም. ምርጫዎች ግን 294ቱም መቀመጫዎች የገዥው ፓርቲ ሆኑ። በ2013ቱ ምርጫ ጥቂት የተቃዋሚ ፓርቲ ተመራጮች ወደ ምክር ቤቱ ገብተዋል፤ ሁሉም የምርጫ ክልሎች ግን በዚያ ጊዜ ድምፅ አልሰጡም።

መቀመጫው ሁሉ የአንድ ፓርቲ በሆነበት ምክር ቤት ክርክር ፈጽሞ የለም ማለት አይደለም። የአካባቢ ጥያቄ አለ፤ የመንገድ፣ የውኃ፣ የማዳበሪያ፣ የወሰን ጉዳይ በየጉባኤው ይነሣል። ነገር ግን ይህ ዓይነቱ ንግግር ብዙውን ጊዜ የአቤቱታ መልክ ይይዛል። አባሉ “የወረዳዬ ሕዝብ እንዲህ ይላል” ብሎ ይጠይቃል፤ ኃላፊው ተነሥቶ ይመልሳል። ጠያቂውና መላሹ በአንድ ፓርቲ ሥነ ሥርዓት የታሰሩ ስለሆኑ፣ ዋናው ክርክር ቀደም ብሎ በሌላ አዳራሽ ተጠናቅቆ ይመጣል። ከዚህም ሌላ የክልሉ በጀት ጉልህ ክፍል ከፌዴራል መንግሥት በድጎማ የሚመጣ በመሆኑ፣ ምክር ቤቱ የሚከራከረው ስለ ድልድሉ እንጂ ስለ መጠኑ አይደለም።

የዚህን ውጤት በርእሰ መስተዳድሮች አመራረጥ ማየት ይቻላል። ከክልሉ ምሥረታ እስከ 2011 ዓ.ም. አጋማሽ ክልሉን አቶ አዲሱ ለገሠ፣ አቶ ዮሴፍ ረታ፣ አቶ አያሌው ጎበዜና አቶ ገዱ አንዳርጋቸው በተከታታይ መርተዋል፤ ከ25 ዓመት በላይ በሚሆን ጊዜ አራት ሰዎች ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ባለው ጊዜ ምክር ቤቱ ዶክተር አምባቸው መኮንንን በየካቲት 2011፣ እሳቸው ሰኔ 15 ቀን በባሕር ዳር ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ከተገደሉ በኋላ አቶ ተመስገን ጥሩነህን በሐምሌ 2011፣ አቶ አገኘሁ ተሻገርን በ2013፣ ዶክተር ይልቃል ከፋለን በ2014 መጀመሪያ፣ አቶ አረጋ ከበደን በነሐሴ 2015 ዓ.ም. መረጠ። አምስት መሪዎች በአራት ዓመት ተኩል ውስጥ ተመርጠዋል። የመጨረሻው ምርጫ የተካሄደው ክልሉ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር በነበረበት ወቅት ነው።

በሕጉ መሠረት እነዚህ ምርጫዎች ሁሉ የምክር ቤቱ ናቸው፤ እጅ ወጥቷል፣ ቃለ መሐላ ተፈጽሟል። ይሁን እንጂ የክልሉን ዕድል በሚወስኑት በእነዚህ ወቅቶች ምክር ቤቱ ምን ብሎ ተከራከረ? ማን ምን ጠየቀ? ለወደፊት የታሪክ ጸሐፊ ይህ ከምርጫው ውጤት የሚበልጥ ጥያቄ ነው።

8. ነጋሪትና ዝክር

የመጨረሻው ነጥብ ስለ ጽሑፍ ነው። የአገሪቱ ሕጎች ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ የታተሙት “ነጋሪት ጋዜጣ” በሚል ስም ነው። ነጋሪት አዋጅ ሲነገር የሚጎሰም የቤተ መንግሥት ከበሮ ነበር፤ ስሙም ከ“ነገረ” ጋር ይዛመዳል። ድምፁ አንድ አቅጣጫ ብቻ አለው፤ ከነጋሪው ወደ ሰሚው። ለነጋሪት መልስ አይሰጥም። የፌዴራሉ መንግሥትና አንዳንድ ክልሎች ይህንኑ ስም እንደያዙ ሲቀጥሉ፣ የአማራ ክልል ጋዜጣውን “ዝክረ ሕግ” ብሎ ሰየመ፤ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ “ልሳነ ሕግ” አለ። ኦሮሚያ ደግሞ ምክር ቤቱን ራሱን “ጨፌ” ሲል ጠራ፤ ይህም የገዳ ሸንጎ የሚሰበሰብበትን ለምለም መስክ የሚያስታውስ ስም ነው።

“ዝክር” መታሰቢያ ነው። በሕዝቡ ኑሮ ውስጥ ዝክር ብቻውን የሚዘክር ሰው የለም፤ ጎረቤት ይጠራል፣ አብሮ ይቀመሳል። በመሆኑም “ዝክረ ሕግ” ከ“ነጋሪት” ይልቅ ለመመካከር የቀረበ ስም ነው። ሆኖም የጋዜጣውን ይዘት ስንመለከት የሚዘከረው ውሳኔው ብቻ መሆኑን እንረዳለን። አዋጁ ከነቁጥሩ፣ ከነአንቀጹ ይገኛል፤ አዋጁን የተቃወመው አባል ምን እንዳለ፣ የትኛው ቃል በየትኛው እንደተተካ፣ “ቢሮክራሲ”ን የመሰለ ስያሜ ሲሰማ “ይህ ማንን ነው የሚመለከተው?” ብሎ የጠየቀ ሰው ኑሮ እንደሆነ ግን ከጋዜጣው አይታወቅም። ያ የሚገኘው፣ ከተገኘ፣ በቃለ ጉባኤው ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ የራሳችንን የትርጓሜ ባህል ማስታወስ ተገቢ ይሆናል። የአንድምታ መምህራን አንድን ቃል ሲተረጉሙ የሚቀበሉትን ብቻ መዝግበው ሌላውን አልጣሉም። “አንድም” እያሉ የተለያየውን ንባብ ጎን ለጎን አስቀመጡ። ከእነሱ በኋላ የመጣ ተማሪ የመምህራኑን ልዩነት ከነምክንያቱ ያገኘዋል። የተሸነፈው ሐሳብ በመዝገብ ላይ መቆየቱ የጉባኤ ቤቱን ሥልጣን አልቀነሰውም፤ ይልቁንም አስከበረው። “ጉባኤ” የሚለውን ቃል ከዚያ ቤት የወሰደ ሕግ አውጪ ይህን ልማድም ሊወስድ ይችል ነበር።

9. ማጠቃለያ

ከላይ እንደተመለከትነው፣ በ1923 ዓ.ም. የተጀመረው ምክር ቤት ዙፋኑ የሚያማክረው ነበር፤ የ1980ው ሸንጎ አንድ ወገን ብቻ የቆመበት አደባባይ ነበር፤ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ የተመሠረተው የክልል ምክር ቤት ደግሞ በሕግ ረገድ የመመካከር ሥልጣን ሁሉ የተሰጠው ነው። የራሱን ሕገ መንግሥት ያጸድቃል፤ መሪውን ይመርጣል፤ የገዛ አፉን ከአስፈጻሚው ለይቷል። የጎደለው ሥልጣን አይደለም። በአዳራሹ ውስጥ የሚለያዩ ድምፆች መጥፋታቸውና የተነገረው ነገር ለትውልድ አለመዝለቁ ነው። ሁለቱ ተያያዥ ናቸው፤ ንግግሩ እንደማይመዘገብ የሚያውቅ ሰው ለመለያየት የሚያደርሰው ምክንያት ያጥርበታል፤ ድምፁ የማይለያይ ጉባኤም ቃለ ጉባኤውን የሚሻለት አንባቢ አያገኝም።

ከዚህ አኳያ ሁለት ነገሮችን ማሳሰብ ይቻላል። አንደኛ፣ የክልል ምክር ቤቶች ቃለ ጉባኤ ከአዋጆቻቸው ጋር ታትሞ ለሕዝብ ቢቀርብ፣ ሕግ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ለዜጋውም፣ ለዳኛውም፣ ለተመራማሪውም ይጠቅማል። ሁለተኛ፣ የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ለሙግት፣ ለቅኔና ለተረት የሚሰጡትን ትኩረት ለምክር ቤት ንግግርም ቢሰጡ፣ የአማርኛ የአደባባይ አነጋገር ባለፉት አርባ ዓመታት እንዴት እንደተለወጠ የሚያሳይ ያልተነካ ሀብት ያገኛሉ። አቤቱታ እንዴት ይቀርባል? ተቃውሞ በምን ቃል ይሸፈናል? “ሕዝቡ” ሲባል ማን ማለት ነው? እነዚህ የሰዋስውና የሥነ ቃል ጥያቄዎች ናቸው፤ የመሬት፣ የበጀትና የሕይወት ጥያቄዎችም ናቸው። በ1989 ዓ.ም. በአንድ ቃል ምክንያት ማሳው የተቆረጠበት ገበሬ ይህን ለማስረዳት የእኛን ጥናት አያስፈልገውም፤ እኛ ግን የእሱን ምስክርነት እንፈልጋለን።